የእማዬ ሳሎን ሁለት ጊዜ ተነጠፈ

የሳሎናችን አዲስ የእምነበረድ ወለል ችግር እንዳለበት መጀመሪያ የነቃችው እማዬ ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት ከዘራ ትይዛለች። ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ስትወጣ ቆም አለችና ወለሉን በከዘራዋ ደጋግማ መታችው። «ና እስቲ፣ ስማ» አለችኝ። አንዱ እምነበረድ ላይ ድምፁ ድፍን ነው። ቀጥሎ ያለው ላይ እንደ ባዶ ጋን ይጮሃል። «ይሄ ወለል ሆዱ ባዶ ነው» አለች።

ከተነጠፈ ገና አምስት ወሩ ነበር። መጋቢት 2014 ላይ፣ ለፋሲካ ይድረስ ብለን ተሯሩጠን ነው ያስነጠፍነው። የዚያን ቀን በጉልበቴ ተንበርክኬ ሁሉንም በሳንቲም አንኳኳሁ። ሳሎኑ ውስጥ 126 ቁራጭ አለ። 51ዱ ባዶ ድምፅ ሰጡ። ባዶዎቹን በቾክ ምልክት ሳደርግባቸው ወለሉ የዳማ ሰሌዳ መሰለ።

ነገሩ በድምፅ ቢቆም ኖሮ ምናልባት ችላ እንለው ነበር። ግን በየመጋጠሚያው ነጭ ዱቄት ወጥቷል። ትጠርገዋለህ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። የብዙዎቹ ጠርዝ ዙሪያውን ጠቁሯል፤ መሃሉ ነጭ፣ ዳሩ እርጥብ፣ ልክ እንደ ፎቶ ፍሬም። የግድግዳው ግርጌ ቀለም አብጦ መላጥ ጀምሯል። ሳሎኑ ድሮ የማይሸተውን የምድር ቤት ሽታ ይሸታል። እኔ በበኩሌ ወዲያው የፈረድኩት በእምነበረዱ ላይ ነበር። ያታለሉን ሻጮቹ ናቸው ብዬ ሰፈሩን ሁሉ አዳረስኩ።

ቤቱ ጉለሌ ነው። አባቴ የሰራው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። መሰረቱ ጥቁር ድንጋይ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ላዩ በሲሚንቶ የተለሰነ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ያደገ ሰው ወለሉን አይረሳውም። ጣውላ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሰም ይታሻል። ከጣውላው ስር ወደ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክፍት ቦታ አለ። በሳሎኑ በኩል ባለው መሰረት ዙሪያ ደግሞ ጡብ የሚያህሉ ስድስት ቀዳዳዎች። ለእኛ ለልጆቹ ኳስ የሚጠፋበትና ድመት የምትወልድበት ቦታ ነበር። ለምን እንደተሰራ የጠየቀ የለም።

ጣውላውን ምስጥና እርጥበት በላው። ሁለት ቦታ ተሰብሮ እግር ያስገባ ነበር። እድሳቱን ስንጀምር እህቴ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ በቴሌግራም ፎቶ ታዘንብብኝ ጀመር። ነጭ ወለል፣ ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ሶፋ። «ለእማዬ እምነበረድ ይሁንላት» አለች። ብሩ የእሷ ስለሆነ ክርክሩ አጭር ነበር። የወረዳውን የእድሳት ፈቃድ ለማውጣት ያየሁትን ፍዳ እዚህ አልተርከውም፤ እንዲያው ወጣ ልበልና ልለፈው።

የመረጥነው የአገር ውስጥ እምነበረድ ነው፤ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የመጣ፣ ነጭ ሆኖ እንደ ደም ስር ያለ ግራጫ መስመር የሚሄድበት። መሸጫዎቹን ስዞር አንድ ነገር ተማርኩ። የሚያብረቀርቀውን ሁሉ «ግራናይት ነው» ብለው የሚሸጡ አሉ። መለየቱ ቀላል ነው። ቁራጭ ይሰጡህና በማይታይ ጎኑ በቢላ ጫፍ ጫር አድርገው። እምነበረድ ይጫራል፣ ግራናይት አይበገርም። ከተፋቀው ዱቄት ላይ ሎሚ ጠብ ብታደርግ ደግሞ የእምነበረዱ አረፋ ይደፍቃል። ምክንያቱም እምነበረድ መነሻው የኖራ ድንጋይ ነው። ከመሬት በታች ሙቀትና ግፊት ቀየረው እንጂ ባህርይው አልጠፋም፤ አሲድ አይወድም። ይህን ሎሚ አስታውሱት፣ በኋላ ይመጣል።

ሳሎኑ 5.10 በ4.20 ሜትር፣ ማለትም 21.42 ካሬ ነው። የገዛነው 60 በ30፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ። አንዱ ቁራጭ ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል። ክፍሉ በድምሩ ከ11 ኩንታል በላይ ድንጋይ ተሸክሟል ማለት ነው፣ ከስሩ ያለውን ሞርታር ሳትቆጥር። ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ይሄንን ክብደት ይረሳዋል።

የመጀመሪያውን ስራ የያዘው ልጅ ሴራሚክ አንጣፊ ነበር። ስሙን አልጠራም። ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም፤ «ፋሲካ ደረሰ» እያልኩ ከኋላው የቆምኩት እኔ ነኝ። ጣውላው ተነሳ። ከስር ያለው ባዶ ቦታ ይሞላ ተባለ። በምን? በተገኘው። የፈረሰው ኩሽና ፍርስራሽ ግቢ ውስጥ ተከምሮ ነበር፣ ገባ። ለሽንት ቤት ጉድጓድ የወጣ ጥቁር አፈር ነበር፣ እሱም ገባ። «ለመኪና የምንከፍለውን አዳንን» ተባብለን ተደሰትን። ቀዳዳዎቹ አይጥ ያስገባሉ ተብሎ በሲሚንቶ ተደፈኑ። በላዩ ስስ ኮንክሪት ፈሰሰ። በሦስተኛው ቀን እምነበረዱ መነጠፍ ጀመረ። በሰባተኛው ቀን እህቴ በቪዲዮ አይታ አለቀሰች። ማማሩን አልክድም፣ ያምር ነበር።

ለጥገናው ሰው ስፈልግ አንድ ወዳጄ በዕድሜ ገፋ ያሉ ድንጋይ ጠራቢ አገናኘኝ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ድንጋይ የጀመሩት በልጅነታቸው ነው። በ2000ዎቹ የአዲስ አበባ መንገዶች ኮብልስቶን ሲለብሱ ደግሞ ወጣቶችን ጠረባ አስተምረዋል። ከእሳቸው ያየሁት የመጀመሪያው ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ወለሉን ሳያዩ ወደ ጓሮ ዞሩ። ቤቱን አንዴ ከበቡት። ጣራውን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ጠየቁኝ፦ «የጣራው ውሃ የት ነው የሚሄደው?»

የትም አይሄድም። በጓሮው በኩል አሸንዳው ከወደቀ ዓመታት አልፈዋል። ውሃው ከክፈፉ ቀጥታ ከግድግዳው ስር ይወርዳል። ግቢውን ደግሞ በየጊዜው ሲሚንቶ ስናለብሰው ከፍ እያለ መጥቶ፣ የመሰረቱ ቀዳዳዎች ከመሬት እኩል ሆነዋል። አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ እንዴት እንደሚዘንብ ታውቃላችሁ። ያ ሁሉ ዝናብ የሚጠራቀመው ከሳሎኑ ጎን ነው።

«ወለሉን አሁን እንየው» አሉ። አንዱን ባዶ ድምፅ ያለው እምነበረድ በመሮ ጫፍ ብድግ አደረጉት። ያለ ትግል ተነሳ። ገልብጠው አሳዩኝ። ጀርባው አምስት ቦታ ብቻ ሲሚንቶ ነክቶታል፤ አራቱ ማዕዘንና መሃሉ፣ እንደ አምባሻ ሊጥ ጉብ ጉብ ብሎ። የቀረው ባዶ ነው። የነካውም ቢሆን አልያዘም። ጋሼ ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ጠረጉና ነጭ አቧራ አሳዩኝ። ድንጋዩ በመጋዝ ሲቆረጥ የሚቀርበት ዱቄት ነው። ሳይታጠብ ነው የተነጠፈው። ሲሚንቶው የያዘው አቧራውን እንጂ ድንጋዩን አልነበረም።

ሌላም አለ። ቁራጮቹ እርስ በርስ ጥብቅ ተደርገው ነው የተገጠሙት፣ የፀጉር ክፍተት እንኳ የለም። ግድግዳውም ጋ እንደዚያው። እኔ ይህንን እንደ ጥበብ ነበር የቆጠርኩት። ወለሉ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ግን መሸሻ ስለሌለው እርስ በርስ ይገፋፋል፣ ደካማው ይነሳል።

የሚንቀሳቀሰው ለምን እንደሆነ ደግሞ ኮንክሪቱ ሲሰበር ታየ። ውፍረቱ 5 ሴንቲ፣ አንዳንድ ቦታ 3። ፌሮ የለም። ከስሩ ላስቲክ የለም። ከዚያ በታች ያ የእኛ ቁጠባ፦ የጭቃ ምርግ፣ የጣውላ ስብርባሪ፣ አንድ የተቀዳደደ ጆንያ፣ ጥቁር አፈር። ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ገበሬ ያውቀዋል፣ የመንገድ ሰራተኛም ያውቀዋል። እኛ ሳሎን ውስጥ አስገብተነዋል። በእጄ ጨበጥኩት፣ ቅርጹን ያዘ፤ ያንን ያህል እርጥብ ነበር። የጣውላው ስብርባሪ ላይ ምስጥ ነበር።

ነጩ ዱቄትም የዚሁ ልጅ ነው። ውሃ ከታች በኮንክሪቱና በሞርታሩ በኩል ወደ ላይ ይሳባል፣ ልክ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ። ሲወጣ ከሲሚንቶው ኖራና ጨው ይዞ ይወጣል። ላይ ሲደርስ ውሃው ይተናል፣ ነጩ ይቀራል። ግንበኞች «ጨው ተፋ» ይሉታል። ስለዚህ ወለሉን ብትጠርግ ብታጥበው ዋጋ የለውም። እንዲያውም ማጠቡ ውሃ ይጨምርለታል።

ስለ ግድግዳው ስጠይቃቸው ጋሼ ወደ ተደፈኑት ቀዳዳዎች ጠቆሙኝ። አባቴ የጣውላውን ስር ክፍት የተወው ያለ ነገር አልነበረም። ከመሬት የሚነሳው እርጥበት በነፋስ በቀዳዳዎቹ ይወጣ ነበር። እኛ ቦታውን ሞልተን፣ ቀዳዳውን ደፍነን፣ በላዩ ድንጋይ ስንጭንበት እርጥበቱ የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በመሰረቱ አድርጎ ወደ ጭቃው ግድግዳ። ግድግዳውን ደግሞ ሲሚንቶ ለብሶ ስላገኘው በዚያም አይወጣም። ይታመቃል፣ ያብጣል፣ ቀለሙን ይገፋል። ስድስት ቀዳዳ ለመድፈን የወጣው ሲሚንቶ ግማሽ ከረጢት አይሞላም።

ምን ይሻላል በሚለው ላይ ሁለት ቀን ተነጋገርን። ጋሼ መጀመሪያ ያቀረቡት እኔ ያልጠበቅኩትን ነው፦ «ጣውላውን ልመልስላችሁ፣ እምነበረዱን ሽጡት።» ከልባቸው ነበር። እማዬ እሺ ልትል ምንም አልቀራትም። እህቴ በስልክ እሺ አላለችም። እውነት ለመናገር እኔም አልፈለግኩም፤ ደህና ጣውላ ማግኘትና ዋጋው ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ክፍተቱን ትቶ በላዩ ሶሌታ (የኮንክሪት ንጣፍ) መጣል ሌላው አማራጭ ነበር። እሱ ደግሞ ያንን ሁሉ ክብደት በአሮጌው መሰረት ጠርዝ ላይ ያሳርፋል። ጋሼ መሰረቱን አንድ ቦታ ቆፍረው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው።

የተስማማንበት መካከለኛው ነው። ቆሻሻው ሁሉ እስከ ድሮው መሬት ይወጣል። የሚተካው መሙያ ግን ውሃ የማይስብና አየር የሚያስገባ ይሆናል። ጋሼ ይህንን ከጣሊያን ጋር ከሰሩ ሽማግሌዎች እንደተማሩት ነገሩኝ። ጣሊያኖቹ ቬስፓዮ ይሉታል፤ የተርብ ቤት ማለት ነው። ትላልቅ ድንጋይ ተደርድሮ በመካከሉ ባዶ ባዶ ስለሚሆን ነው ስሙ።

ጥቅምት 2015 ላይ ማውጣት ተጀመረ። አራት የቀን ሰራተኛ፣ አምስት ቀን። መጀመሪያ በብላሽ ያስገባነውን አፈር ለማስወጣት ከፈልን፣ ለመኪናውም ከፈልን። እምነበረዱን ጋሼ ለማንም ሳይሰጡ ራሳቸው አንድ በአንድ አነሱት። ከ126ቱ 14ቱ ግማሽ የተቆረጡ ናቸው፤ ከቀሩት 112 ሙሉ ቁራጭ 84ቱ ሳይሰበሩ ወጡ።

ከስር ወደ ላይ የተሰራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ 15 ሴንቲ ሰሌክት፣ ማለትም ለመሙያ የተመረጠ አፈር፣ ገብቶ በኮምፓክተር ተጠቀጠቀ። በላዩ 25 ሴንቲ ጥቁር ድንጋይ፣ በመኪና ተዘርግፎ ሳይሆን በእጅ እየተተከለ፣ ሹሉ ወደ ላይ። ስድስቱ ቀዳዳዎች ተከፈቱ፤ ከእያንዳንዳቸው የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ድንጋዩ መካከል ገባ፣ ውጭው ላይ አይጥ የማያስገባ ወንፊት ተደረገበት። ከላይ ጠጠርና አሸዋ 4 ሴንቲ ለመደልደያ። ከዚያ ወፍራም ላስቲክ ድርብ ሆኖ፣ ጫፉ ግድግዳውን ይዞ ወደ ላይ እንዲታጠፍ። በመጨረሻ 10 ሴንቲ ኮንክሪት፣ ውስጡ ባለ 8 ሚሊ ፌሮ በ20 ሴንቲ ርቀት። ሞርታሩና ድንጋዩ ሲጨመሩ 60 ሴንቲው ሞላ። ይህ ልኬት አስፈላጊ ነበር። ያለፈው ወለል ከኮሪደሩ 3 ሴንቲ ከፍ ብሎ እማዬን ሁለት ጊዜ አደናቅፏታል።

ውጭ ደግሞ አዲስ አሸንዳ ተሰቀለ። ከግድግዳው ስር ያለው የግቢ ሲሚንቶ በግማሽ ሜትር ስፋት ተሰብሮ ወረደ፣ ተዳፋት ያለው ቦይ ተሰራለት። ከውስጥ የግድግዳው የታችኛው ሲሚንቶ ልስን እስከ ጉልበት ድረስ ተፍቆ በኖራ ልስን ተተካ። ኖራ እርጥበትን አያፍንም፣ ያስወጣል። ከጠቅላላው ወጪ ከግማሽ በላይ የሄደው እንግዳ መጥቶ የማያየው ነገር ላይ ነው። ለእህቴ የቦይ ፎቶ ስልክላት «እሺ» ብቻ ብላ መለሰች።

ከዚያ መጠበቅ። እንደ እኔ ላለ ሰው ከባዱ ይሄ ነበር። ኮንክሪቱ ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ጠጣ። ከዚያ ተገልጦ ይደርቅ ተባለ። በአራተኛው ሳምንት ጋሼ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ግልጽ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሸጉት። በማግስቱ ሲከፍቱት ከስሩ ጤዛ ነበር። «ገና ነው» ብለው ሄዱ። ገናን በባዶ ኮንክሪት ላይ ነው ያሳለፍነው። እማዬ ሰሌን አንጥፋ እንግዳ ተቀበለች። ከበዓሉ በኋላ እንደገና ሲሞክሩት ላስቲኩ ደረቅ ነበር። ያኔ አሸዋ እዘዝ አሉኝ።

አንድ ቢያጆ አሸዋ ሲመጣ ጋሼ ከመኪናው ላይ እፍኝ ወስደው ብርጭቆ ውስጥ በውሃ በጠበጡት። አሸዋው ወረደ፣ በላዩ ጭቃ ጣት የሚያህል ተኛ። ሹፌሩን መለሱት። ሁለተኛው መኪና ደህና ነበር።

የሰበርናቸውን ለመተካት 40 አዲስ ቁራጭ ገዛሁ። ከዚያው አካባቢ የመጣ፣ ያው ስም ያለው እምነበረድ ነው፤ ግን ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግራጫው ይበዛል። ድንጋይ ፋብሪካ አያመርተውም፤ ከአንዱ የድንጋይ ካባ የተቆረጠው ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። መጀመሪያውኑ አስር በመቶ ትርፍ ገዝተን ነበር፤ ፍርፋሪ መስሎን ለጎረቤት ሰጥተነዋል። አሁን አዲሱን ከአሮጌው ጋር ብንደባልቀው ወለሉ ዥጉርጉር ሊሆን ነው። ጋሼ ምስማር አንስተው አሸዋው ላይ ሳሉ። 14 ረድፍ፣ በየረድፉ ስምንት ሙሉና አንድ ግማሽ። ዙሪያውን አንድ አንድ ቁራጭ ብታነሳ መሃል የሚቀረው 12 ረድፍ ነው፣ በየረድፉ ሰባት ሙሉ። ሰባት ጊዜ አስራ ሁለት 84። የዳኑት ስንት ናቸው? 84። ሰውየው ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። ግራጫማው ዙሪያውን ከሶፋና ከቡፌው ስር ሆነ፣ ነጩ መሃሉን ያዘ። ዛሬ የሚመጣ ሰው ሆን ተብሎ የተሰራ ጥለት ይመስለዋል። እኛም አናርመውም።

አነጣጠፉ አራት ቀን ፈጀ፣ ለሁለት ሰው። የመጀመሪያው ቀን ሲሚንቶ አልተነካም። ሁሉም ደረቁን ተደርድሮ፣ ግራጫው መስመር ወዴት እንደሚሄድ እየታየ ቦታ ተቀያየረ። ግድግዳችን ቀጥ ያለ አይደለም፤ አንዱ ጫፍ 4.20 ሲሆን ሌላው 4.14 ነው። ስለዚህ የልክ ሲባጎው የተወጠረው ከግድግዳው ሳይሆን ከበሩ መሃል ነው። ጠማማነቱ ሶፋው ስር ሄዶ ተደበቀ። ከዚያ እያንዳንዱ ጀርባው ላይ ቁጥር ተጻፈበት፣ በብሩሽ ታጠበ።

ሞርታሩ አንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ ነው፣ ሲሚንቶውም ነጭ። ነጭ እምነበረድ ስስ ብርሃን ያሳልፋል፤ ግራጫ ሲሚንቶ ከስሩ ካደረግህ ጥላው ወደ ላይ ይመጣል። ውሃው እጅግ ትንሽ። በእጅ ስትጨብጠው ኳስ ይሆናል፣ ግን ጣትህ መካከል ውሃ አይወጣም። 4 ሴንቲ ተነጥፎ ይስተካከላል። እምነበረዱ ይቀመጣል፣ በጎማ መዶሻ ይመታል፣ ከዚያ ይነሳል! አዎ ይነሳል። ከስሩ ያልነካ ቦታ ካለ ይሞላል። ቀጥሎ ነጭ ሲሚንቶ በውሃ ቀጥኖ እንደ ሾርባ ሲሆን፣ ቦያካ የሚሉት ነው፣ አልጋው ላይም ድንጋዩ ጀርባ ላይም ይፈስሳል። ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ይቀመጣል። ሴራሚክ አንጣፊው በቀን ሳሎኑን ግማሽ ያደረሰው ለምን እንደሆነ እዚህ ላይ ገባኝ።

በየመካከሉ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ ግድግዳው ጋ 8 ሚሊ ሜትር። የግድግዳው በግርጌ ማስጨረሻው ይሸፈናል። ከፍታና ዝቅታው የሚለካው በውሃ ልክና በእኔ ኤቲኤም ካርድ ነበር። ካርድ 0.76 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። አንዱ ድንጋይ ከጎረቤቱ በካርድ ውፍረት ከበለጠ ይነሳል። ሰባት ተነሱ። ካርዴ በነጭ ሲሚንቶ ተለውሶ ማሽኑ እንቢ አለኝ፣ ይህም በወጪው ይመዝገብ።

ሌላው ውሳኔ ስለ ማብረቅረቁ ነው። እህቴ እንደ መስታወት ይሁን አለች። ጋሼ የእማዬን ከዘራ አዩና «እማማ ላይ ውሃ ጠብ ቢል?» አሉ። ስለዚህ ለስልሶ ግን ደብዘዝ ብሎ ቀረ። ጭረትም ብዙ አይታይበትም። ከጫማ ጋር የሚገባው አሸዋ ከእምነበረድ ይጠነክራል፣ እያንዳንዱ እርምጃ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። በሩ ላይ ሁለት ምንጣፍ፣ አንዱ ከውጭ አንዱ ከውስጥ፣ ከማንኛውም መወልወያ ይበልጣል። ዘይትና ቡና እንዳይመጥ በመጨረሻ ወደ ውስጥ የሚሰርግ መከላከያ ተቀባ። አሲድን ግን እሱም አይከላከልም።

ከእማዬ ጋር የተጋጨነው በቄጠማ ነው። በዓል ሆኖ ቄጠማ የማይጎዘጎዝበት ሳሎን ለእሷ የሐዘን ቤት ነው። እርጥብ ቄጠማ ደግሞ እምነበረድ ላይ ሲያድር አረንጓዴ ይለቃል። በስንት ድርድር ሰሌን ላይ እንዲጎዘጎዝ ተስማማች። የከሰል ማንደጃው ብረት ስለሆነ እግሩ እርጥብ ቦታ ካደረ ዝገት ይተዋል፤ እሱም የሸክላ ምጣድ ስባሪ ተነጥፎለታል። ሎሚውን ግን ማንም አላሰበውም። የ2015 ፋሲካ ዋዜማ ዶሮው በሎሚና በጨው ሲታጠብ ኩሽናው ጠበበና ሳፋው ሳሎን መጣ። ግማሽ ሎሚ ወለሉ ላይ አደረ። ጠዋት ሲነሳ ልክ በልክ ግማሽ ጨረቃ የሆነ የደበዘዘ ምልክት ቀረ። እድፍ አይደለም፤ ድንጋዩ ራሱ ተበልቷል። ጋሼ ፍቄ ላንሳው ቢሉ እማዬ «ተወው ልጄ፣ ሌላ ጊዜ» አለች። ሌላ ጊዜው እስካሁን አልመጣም።

መስከረም 2016 ላይ፣ ሙሉ ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ያንኑ ሳንቲም ይዤ ዞርኩ። ከ126ቱ ሦስት ባዶ ድምፅ አላቸው፣ ሁሉም በሩ አጠገብ። ጋሼ ሳይደርቅ የረገጣቸው ሰው አለ ብለው ወደ እኔ አዩ። ነጭ ዱቄት የለም። የግድግዳው ግርጌ ደረቅ ነው፣ ከሰሜኑ ማዕዘን በስተቀር፤ እዚያ የጎረቤት ውሃ ይመጣብናል፣ ንግግሩ በሽማግሌ ተይዟል። ለሁለተኛው ስራ የከፈልነው የመጀመሪያውን ሁለት እጥፍ ተኩል ነው።

የእማዬ መኝታ ቤት አሁንም ጣውላ ነው። ቀጥሎ እሱን ብላት በሩ ላይ ቆመች። በዚያ በኩል ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች እንደ ድሮው ክፍት ናቸው። ባለፈው ግንቦት ድመቷ እዚያ ስር አራት ወልዳለች።